«አደፍርስ» እና የአንድ ዓመቱ አገልግሎት

የዳኛቸው ወርቁ «አደፍርስ» በ1962 ዓ.ም. ከታተመ ወዲህ ብዙ ተብሎለታል። ክርክሩ ያዘነበለው ግን በቋንቋው ክብደትና በአቀራረቡ አዲስነት ላይ ነው። እኛ እዚህ የምናነሣው ሌላ ጥያቄ ነው፤ ይኸውም መጽሐፉ የሕዝብ አገልግሎትን ሥራ ለማወቅ ለሚሻ ተማሪ ምን ያሳየዋል የሚል ነው።

ባለታሪኩ አደፍርስ ለአገልግሎት ወደ ገጠር የወረደ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነው። በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ1964 በተጀመረው ደንብ መሠረት ተማሪው ዲግሪውን ከመቀበሉ በፊት አንድ ዓመት በየጠቅላይ ግዛቱ ማገልገል ነበረበት፤ አብዛኛውም የሚመደበው በመምህርነት ነበር። ሐሳቡ መልካም ነው። ተማሪው ኑሮውን የሚመሠርትበትን ሥራ ሳይመርጥ አገሩን ያያል።

ደራሲው የሚያሳየን ግን ማየት ብቻውን እንደማይበቃ ነው። አደፍርስ ሰው በተናገረ ቁጥር መልሱ ከንግግር አዳራሽ የመጣ ትንታኔ ነው። ባለመሬቷ ወይዘሮ አሰጋሽ ስለ ልማድና ስለ ዘር ሲያወሩ እሱ ይተነትናል፤ አይጠይቅም። ሁለቱም አማርኛ ይናገራሉ፤ ሆኖም አይግባቡም። የንግግሩ መርዘም አንዳንዱን አንባቢ ያሰለቻል (እኛንም በየቦታው አድክሞናል)፤ ቢሆንም መሰልቸቱ ራሱ የወጣቱን ድክመት ያጋልጣል። ቅር የሚለን ሌላ ነው፦ ክርክሩ ገጾቹን ሲያጥለቀልቅ የሥራ ውሎው ይደበዝዛል። መምህሩ ምን እንዳስተማረ፣ ማን እንዳገዘው፣ የት እንደተቸገረ በቂ ሆኖ አይታየንም። የአገልግሎትን ሙያ መመርመር ለሚፈልግ ተማሪ ይህ ትልቅ ጉድለት ነው።

እዚህ ጅቡቲ፣ ካርቲየ 1 አካባቢ የምናገኛቸው ኢትዮጵያውያን ተማሪዎች የመንግሥት ሥራ ሲባል የሚታያቸው ወንበርና ደመወዝ ነው። አይፈረድባቸውም፤ ጤና ረዳቱ፣ የጉምሩክ ሠራተኛው፣ የማዘጋጃ ቤት ጸሐፊው ከጧት እስከ ማታ ምን እንደሚሠራ ያስረዳቸው የለም። እኛ መምህራንም ብንሆን የምናውቀው የራሳችንን ሙያ ነው።

ስለዚህ የሥራ ምክር የሚሰጥ መምህር «አደፍርስ»ን ወደ ክፍል ይዞ ቢገባ አይቆጭም። አንዱ ተማሪ የአደፍርስን፣ ሌላዋ የወይዘሮ አሰጋሽን ንግግር ጮክ ብለው ያንብቡ። ቀጥሎ መምህሩ፣ «አደፍርስ እዚህ ላይ ምን ብሎ መጠየቅ ነበረበት?» ይበላቸው። የጻፉትንም ጥያቄ ይዘው በሰፈራቸው ወዳለ አንድ የመንግሥት ሠራተኛ ሄደው ይጠይቁ።