«እንደገና ጀምር» የሌለው ጨዋታ

በልጅነቱ ድብብቆሽ ያልተጫወተ ሰው በመካከላችን ይገኝ ይሆን? ፈላጊው ዓይኑን ሸፍኖ «ኩኩሉ!» ይላል። ተደባቂዎቹ መሸሸጊያ እስኪያገኙ ድረስ «አልነጋም!» እያሉ ይመልሱለታል። ሁሉም ቦታ ቦታውን ከያዘ በኋላ «ነጋ!» ይባላል፤ ፍለጋውም ይጀመራል። ዛሬ ግን ከቦንጋና ከደካ እስከ አዲስ አበባ ስልክ የጨበጠ ልጅ «ኩኩሉ» ሲባል ሌላ ነገር ሊመጣበት ይችላል። ይኸውም ቅኔ ጌምስ የተባለው የአዲስ አበባ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2010ዎቹ መጨረሻ ያወጣው የስልክ ጨዋታ ነው።

ጨዋታው ቀላል ነው። አንዲት ዶሮ ከገበሬ እጅ ለማምለጥ ትሮጣለች። ልጁ ጣቱን በመስተዋቱ ላይ እያንሸራተተ መሰናክሉን ያሳልፋታል። እንደ አንድ የጥበብ ሥራ ሲመዘን የሚመሰገንበት ነገር አለ። ልጆቻችን በባዕድ አገር ጎዳና ላይ ጠመንጃ ይዞ የሚሮጥ ወታደር ብቻ እንዳያዩ፣ በገዛ አገራቸው ስም የተጠራና የገዛ ሰፈራቸውን ዶሮ የሚያስታውስ ጨዋታ ሠርቶ ማቅረብ ቀላል ድካም አይደለም።

ይሁን እንጂ የዚህ ዓይነት ጨዋታ አሠራር ቆም ብለን እንድናስተውለው ይጋብዛል። ዓይነቱ «ማብቂያ የሌለው ሩጫ» ይባላል። ዶሮዋ የምትደርስበት ቤት የላትም። የምታርፍበት ጎጆ፣ «አመለጥሁ» የምትልበት በር አልተሠራላትም። በሮጠች ቁጥር ነጥቧ ይጨምራል፤ መጨረሻዋ ግን ያው መያዝ ወይም መውደቅ ነው። ተጫዋቹ የሚያሸንፈው ውድቀቱን በማዘግየት ብቻ ነው።

ታዲያ ይህ የብዙዎቻችን ኑሮ አይደለምን? ቤት ለመሥራት እንሮጣለን፤ ቤቱ ሲያልቅ ለመኪና እንሮጣለን፤ መኪናው ሲገኝ የጎረቤታችን መኪና ከኛው እንደሚበልጥ እናያለን። ነጥባችን ይጨምራል፤ ወዴት እንደምንሮጥ ግን አንጠይቅም። አላህ (ሱ.ወ.) በሱረቱል ሐዲድ አንቀጽ 20 ላይ የቅርቢቱን ሕይወት በጨዋታና በዛዛታ፣ በጌጥና በመፎካከር፣ በገንዘብና በልጆች ብዛት በመሽቀዳደም ይገልጻታል። ከዚያም ዝናብ ባበቀለውና ገበሬውን ባስደሰተው፣ በኋላ ግን ቢጫ ሆኖ በሚደርቀውና በሚሰባበረው ቡቃያ ይመስላታል። ዓመቱን ሙሉ አረንጓዴ ለብሶ በሚታየው በከፋ ምድር ለሚኖር ሰው ይህ ምሳሌ ልብን የሚነካ ነው። ደኑ አረንጓዴ ሆኖ ቢቆይም፣ ቅጠሉ ግን በየቀኑ እየረገፈ ነውና።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ እንበል። የዚያው ሱራ ቀጣይ አንቀጽ ሩጫን አልከለከለም። ወደ ጌታችን ምሕረትና ወደ ጀነት እንድንሽቀዳደም ያዘናል እንጂ። እንግዲህ ጉድለቱ ከሩጫው አይደለም፤ መድረሻ ከማጣቱ ነው። አማኝም ይሮጣል፤ የሚደርስበትን ግን ያውቃል።

አንዳንድ ሰው «ጨዋታው ማብቂያ ከሌለው እኮ አያልቅም» ይል ይሆናል። ነገሩ ግን እንዲህ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1980 በጃፓን የወጣው ፓክ-ማን ማብቂያ እንዳይኖረው ታስቦ የተሠራ ጨዋታ ነበር። ሆኖም ደረጃ 256 ላይ ሲደርስ የማሽኑ መቁጠሪያ ከአቅሙ በላይ ይሆንበትና የመስተዋቱ ግማሽ ተበለሻሽቶ መቀጠል አይቻልም። እ.ኤ.አ. በ1984 በሞስኮ አሌክሲ ፓጂትኖቭ የፈጠረው ቴትሪስም እንዲሁ ነው። እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2023 አንድ የ13 ዓመት አሜሪካዊ ታዳጊ በድሮው ማሽን ደረጃ 157 ድረስ ተጫውቶት ጨዋታው በእጁ ላይ ደርቆ ቀረ። ማብቂያ የለውም የተባለው ሁሉ ማብቂያ አለው። ሰው የሠራው ማሽን ይህን ከመሰከረ፣ ትንፋሹ የተቆጠረለት የሰው ልጅ እንዴት ይረሳል?

ውድ አንባቢያን! እስካሁን ያየነው መመሳሰሉን ነው። ትልቁ ቁም ነገር ግን ልዩነቱ ላይ አለ። ዶሮዋ ስትያዝ መስተዋቱ ላይ «እንደገና ጀምር» የሚል ይመጣል። ልጁ ይነካዋል፤ ዶሮዋም ምንም እንዳልደረሰባት ትሮጣለች። ይህችን ትንሽ ቁልፍ አንድ ልጅ በቀን ስንት ጊዜ ይነካታል? ብዙ ወላጅ የሚፈራው ጨዋታው የሚያሳየውን ደም ነው። ፍርሃቱ ተገቢ ነው። ነገር ግን ደም በሌለበት ጨዋታ ውስጥም ይህች ቁልፍ «ምንም ብታደርግ ዕዳ የለብህም» እያለች በዝምታ ታስተምራለች።

ቁርኣን በሱረቱል ሙእሚኑን አንቀጽ 99 እና 100 ስለዚያች ቁልፍ የሚለምን ሰው ይነግረናል። ሞት ሲመጣበት በጎ እንዲሠራ ወደ ዱንያ እንዲመለስ ይጠይቃል፤ ልመናው ግን ተቀባይነት የለውም።

«ታዲያ ተውበት እንደገና መጀመር አይደለምን?» የሚል ቢኖር ጥያቄው ጥሩ ነው። አላህ በሩን እስከ ነፍስ መውጫ ድረስ ክፍት አድርጎልናል፤ ምስጋና ይገባው። ይሁንና ተውበት ያቺ ቁልፍ አይደለችም። ቁልፏ መጸጸትን አትጠይቅም፤ ተውበት ትጠይቃለች። ቁልፏ ጥፋቱን እንድንተውና ዳግም ላለመመለስ እንድንቆርጥ አትጠይቅም፤ ተውበት ትጠይቃለች። ከሁሉም በላይ በጨዋታው ውስጥ የተገፈተረው ሰው መስተዋቱ ሲታደስ አብሮ ይታደሳል፤ ክስም የለውም። በሕይወት ውስጥ ግን የተበደለው ጎረቤት እንደተበደለ ይቆያል። የሰው ሐቅ ያለበት ሰው ሐቁን መመለስ ወይም «ዐውፍ በለኝ» ብሎ ፊት ለፊት መቆም አለበት። ወንድሙን መትቶ «ይቅርታ» ብሎ የሚሮጥ ልጅ ያቺን ቁልፍ የነካ ይመስለዋል። የወንድሙ እንባ ግን ገና አልደረቀም።

ነገሩ ከስልክ ወጥቶ ወደ ጎዳና ሲወርድ ደግሞ ይብሳል። በየከተማው የፕሌይስቴሽን ቤቶች አሉ። ሁለት ልጆች ለኳስ ጨዋታ ይቀመጣሉ፤ ሂሳቡን «የተሸነፈ ይክፈል» ይባላል። ብሩ ትንሽ ስለሆነ ማንም ልብ አይለውም። ነገር ግን ሁለት ሰዎች በጨዋታ ውጤት አንዱ እንዲጠቀም፣ ሌላው እንዲከስር ተዋውለው መቀመጣቸው የቁማር መልክ አይደለምን? በሱረቱል ማኢዳ አንቀጽ 90 ቁማር ከአስካሪ መጠጥ ጋር በአንድ ላይ መጠቀሱን አንርሳ። የሩቆቹም ይህን ጠርጥረዋል። በኳስ ጨዋታው ውስጥ በገንዘብ የሚገዛ፣ ምን እንደያዘ ሳይታወቅ የሚከፈት «ጥቅል» አለ፤ ታዋቂ ተጫዋች ሊወጣበት ይችላል፤ ላይወጣበትም ይችላል። እ.ኤ.አ. በ2018 የቤልጂየም የቁማር ተቆጣጣሪ ኮሚሽን እንዲህ ያለው ሽያጭ ቁማር ነው አለ። በ2019 መጀመሪያም የፊፋ ጨዋታ ሠሪው ኩባንያ በዚያ አገር ሽያጩን አቆመ። ዛሬ በፕሌይስቴሽን ቤት «የተሸነፈ ይክፈል» ያለ ልጅ፣ ነገ በኳስ ውርርድ ቤት ደጃፍ ቢቆም ምን ያስገርማል? ልጆቻችሁ ከተጫወቱ ሂሳቡን እኩል እንዲከፍሉ ንገሯቸው፤ ዝርዝሩንም ዑለማዎቻችሁን ጠይቁ።

እንዲህ ስንል እስልምና ጨዋታን የሚጠላ እንዳይመስል። ሐበሾች በዒድ ቀን በነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) መስጊድ ውስጥ በጦር ሲጫወቱ እርሳቸው ዓኢሻን (ረ.ዐ.) ከኋላቸው አቁመው እስክትጠግብ ድረስ እንድትመለከት መፍቀዳቸውን ቡኻሪና ሙስሊም ዘግበውታል። የኛው አገር ሰዎች ጨዋታ በዚያ በተከበረ ቦታ ታይቷል! ከርሷ ጋርም የሩጫ ውድድር አድርገዋል። ስለዚህ ጨዋታ ልክ ሲኖረው ዕረፍት ነው። ልኩ የሚጠፋው ጨዋታው ጌታ፣ ተጫዋቹ ባሪያ ሲሆን ነው። የዓለም ጤና ድርጅትም እ.ኤ.አ. በ2019 ጨዋታን መቆጣጠር ማቃትን፣ ከሌላው ሥራ ሁሉ ማስቀደምን፣ ጉዳቱ እየታየም መቀጠልን እንደ ሕመም መዝግቦታል። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ብዙ ሰው የሚከስርባቸው ሁለት ጸጋዎች ጤንነትና ትርፍ ጊዜ መሆናቸውን አስተምረውናል። ሁለቱም በአንድ ቁልፍ ሲጠፉ አየን እኮ!

ወላጆች ሆይ! ታዲያ ምን እናድርግ? ስልኩን መንጠቅ ብቻውን አያስተምርም፤ በተለይ የነጠቀው እጅ የራሱን ስልክ ካልለቀቀ። ከልጁ ጋር አንድ ጊዜ ተቀምጣችሁ ተጫወቱ። ዶሮዋ ስትያዝ «አሁን ያች ቁልፍ ባትኖርስ?» ብላችሁ ጠይቁት። አዛን ሲሰማ ጨዋታው መሐል ላይ ቢሆንም እንዲያቆም አስለምዱት፤ ነጥቡን አጥቶ ሶላቱን ያገኘ ልጅ ትልቅ ትምህርት ተምሯል። የከፋ ልጅ ከሆነ ደግሞ አንድ የቡና ችግኝ ስጡትና በስሙ ይትከል። ጨዋታው ነጥቡን በሰከንድ ይሰጣል፤ ቡና ግን ፍሬ ለመስጠት ሦስትና አራት ዓመት ያስጠብቃል። ፍሬው ሲደርስም ቀዩ እየተለየ ይለቀማል፤ አረንጓዴው ገና ነው። ችግኙ ውኃ ካጣ ይደርቃል፤ የደረቀ ችግኝ እንደገና አይጀምርም። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) የትንሣኤ ሰዓት ደርሳ በእጁ ችግኝ የያዘ ሰው መትከል ከቻለ እንዲተክል ማዘዛቸውን የሰማ ልጅ፣ ሥራ በአላህ ዘንድ እንደማይጠፋ ይረዳል።

ሌሊቱን በስልክ አጋምሶ ሱብሒን የሚያሳልፍ ወጣት፣ ዶሮ በጮኸ ቁጥር «አልነጋም!» እያለ እንደሚደበቅ ልጅ ነው። ፈላጊው ግን እየቆጠረ ነው፤ «ነጋ!» የሚባልበትም ሰዓት አይቀርም። ያኔ ከአላህ የሚሰውር መሸሸጊያ የለም።

አላህ ሩጫችንን ወደ ምሕረቱ ያድርግልን፤ ልጆቻችንን የዓይናችን ማረፊያ ያድርጋቸው። አሚን።