የመሰረዣው ቁልፍ

ሳዑዲ አረቢያ፣ ደማምና ኮባር ውስጥ በሰርቨር ጥበቃ የምንተዳደር ሰዎች ሐሙስ ማታ ስልካችንን ከእጃችን አናወርድም። ሌላው ሰው ለዕረፍት ሲዘጋጅ የእኛ ሐሳብ ወደ ቢሮ ይመለሳል። ልማዱ ሻሙን ከተባለው ቫይረስ የመጣ ነው።

እ.ኤ.አ. ኦገስት 15 ቀን 2012 ረቡዕ ነበር፤ ያኔ የሳዑዲ የሥራ ሳምንት የሚያልቀው ረቡዕ ነበር። በዚያ ላይ የረመዳን ማብቂያ ስለሆነ ብዙው ሠራተኛ እረፍት ወጥቷል። ከእኛ ጥቂት ኪሎ ሜትር ርቆ ዳህራን ባለው የነዳጅ ኩባንያ አራምኮ ውስጥ፣ ሻሙን የ30 ሺህ ገደማ ኮምፒውተሮችን መረጃ አጠፋ። የሚቃጠል የአሜሪካ ባንዲራ ምስል ቁራጭ በፋይሎቹ ላይ ጻፈባቸው። የነዳጅ ማምረቻው መረብ ከቢሮው የተለየ ስለነበር ዘይቱ አልቆመም፤ የቆመው የቢሮው ሥራ ነው። የአሜሪካ ባለሥልጣናት ጣታቸውን ወደ ኢራን ቀሰሩ፤ ኢራን ግን አስተባበለች።

እኔን ይበልጥ የሚያሳስበኝ ግን ሁለተኛው ዙር ነው። ኖቬምበር 17 ቀን 2016 ሻሙን ተመልሶ መጣ፤ ዕለቱ ሐሙስ፣ ሰዓቱ ከምሽቱ 2፡45። የሥራ ሳምንቱ ማብቂያ ወደ ሐሙስ ሲቀየር አጥቂውም ቀኑን ቀየረ ማለት ነው። ለዚያው ወር መጨረሻ በተዘጋጀው ቅጂ ውስጥ ደግሞ ተመራማሪዎች የሁዋዌ ቨርቹዋል ዴስክቶፕ ሥርዓት የአስተዳዳሪ ስሞችና ፓስወርዶች ተጽፈው አገኙ። እንዲህ ያለው ሥርዓት ዴስክቶፖቹን በማዕከል አስቀምጦ ሲጠፉ ከቅጂ ለመመለስ ያስችላል። ጠላፊው ስለ መጠባበቂያውም አስቦበት ነበር።

ይህን ስል ክላውድን አልቃወምም። ጭነት አስተላላፊ ለሆነ ትንሽ ቢሮ ትልቁ አቅራቢ ከእኛ የተሻለ ዘበኛ ነው። ጉግል እ.ኤ.አ. በ2023 መጨረሻ እዚሁ ደማም የክላውድ ማዕከል ሲከፍት ብዙ አለቆች «መረጃችን አገር ውስጥ ሆነ» ብለው ተረጋጉ። የመረጃ ሕጉን ለማክበር ይጠቅማል። ለሌባው ግን ሰርቨሩ ደማምም ሆነ አየርላንድ ለውጥ የለውም፤ እሱ የሚፈልገው አካውንቱን ነው። አንዳንዴም የእኛን አካውንት እንኳ አይፈልግም። በዚያው ዓመት ከቻይና ጋር የተያያዙ ጠላፊዎች የማይክሮሶፍትን የራሱን የፊርማ ቁልፍ ይዘው የአሜሪካ ባለሥልጣናትን ኢሜይል አነበቡ፤ ደንበኛው ምንም ማድረግ አይችልም ነበር።

ማንበብ አንድ ነገር ነው፤ መሰረዝ ሌላ። መሰረዙን መከላከል የእኛ ሥራ ነው። «ክላውድ ላይ አለ» ሲባል ብዙ ጊዜ ሲንክ (ማመሳሰል) ማለት ነው፤ ሲንክ ደግሞ ስረዛውንም በታማኝነት ይገለብጣል። ስለዚህ አዲስ ሥርዓት ሲሰጡኝ የምጠይቀው አንድ ነው፦ ሁሉንም በአንድ ጊዜ ማጥፋት የሚችለው ማን ነው? መልሱ «አድሚኑ» ከሆነ፣ ባክአፑም በእሱ ፓስወርድ የሚከፈት ከሆነ፣ ባክአፕ የለም።

ከመረብ የተለየ ቅጂ እንዴት እንደሚያድን ይህ ያሳያል፦ እ.ኤ.አ. በ2017 ኖትፔትያ የተባለው ቫይረስ የመርከብ ኩባንያውን የሜርስክን መረብ ባወደመ ጊዜ የኩባንያውን የተጠቃሚዎች መዝገብ ያተረፈው ጋና ውስጥ የነበረ አንድ ሰርቨር ነው፤ መብራት ጠፍቶ ከመረቡ ተቆርጦ ስለነበር። መብራት መጥፋቱ ያስመሰገነበት ጊዜ ይህ ብቻ ሳይሆን አይቀርም!

ለአገራችን ለኢትዮጵያም ነገሩ ሩቅ አይደለም። ሰኔ 2012 ዓ.ም. በሕዳሴ ግድቡ ውጥረት ወቅት የሳይበር ደህንነት ተቋሙ ኢንሳ መቀመጫቸውን ግብፅ ያደረጉ ቡድኖች በአገሪቱ ላይ ያነጣጠሩትን የሳይበር ጥቃት ማክሸፉን አስታውቋል።

አዲስ አበባም ሆነ እዚህ ሰርቨር የምትጠብቁ ወገኖች፣ የባክአፑን አካውንት ከዕለት ተዕለቱ አድሚን ለዩት፤ ሌላ ስልክ፣ ሌላ ፓስወርድ ይኑረው። አንዱን ቅጂ ለተወሰነ ጊዜ ማንም እንዳይሰርዘው ቆልፉት፤ አቅም ካነሰ ሃርድ ዲስክ ላይ ገልብጣችሁ ገመዱን ንቀሉት። ከዚያ ባዶ ኮምፒውተር ላይ መልሳችሁ ጫኑትና ስንት ሰዓት እንደፈጀ ለአለቃችሁ በጽሑፍ ንገሩት።