የሲሚንቶው ጀበና

«የባህል ማዕከል ሊሠራልን ነው» ሲባል ምን እንደሚመጣ አስቀድመን እናውቀዋለን። ጣሪያው የመሶብ ክዳን፣ ደጃፉ ላይ በሲሚንቶ የተሠራ ግዙፍ ጀበና፣ ውስጡ ወንበር የተደረደረበት የስብሰባ አዳራሽ። ጥግ ላይ አንዲት ክፍል ትተርፍና ጋሻና መሶበ ወርቅ ይገባባታል፤ ቁልፉ አንድ ሰው ኪስ ውስጥ ይውላል። ሰውዬው ለቅሶ ከሄደ ቅርሱም አብሮት ለቅሶ ሄዷል ማለት ነው።

ደሴ የዚህን መዘዝ አይታለች። በደጃዝማች ዮሴፍ ብሩ መኖሪያ ቤት ውስጥ ያለው የደሴ ሙዚየም፣ በ2014 ዓ.ም. ከተማዋ በህወሓት ኃይሎች እጅ በነበረችባቸው ሳምንታት ተዘርፏል። ዘራፊውን መርገም ይገባል። እኔን የሚያንገበግበኝ ግን ሌላ ነገር ነው፤ ዕቃው ሲሄድ ስንቶቻችን ምን እንደጎደለ እናውቅ ነበር? ቤታችን ቢዘረፍ እኮ ከድስቱ እስከ ጭልፋው አንድ በአንድ እንቆጥራለን።

ኔፓል ውስጥ፣ በካትማንዱ ሸለቆ፣ ነዋር የሚባሉት ሕዝቦች በሚኖሩባቸው ጥንታዊ ሰፈሮች፣ መንገድ ዳር «ፓቲ» የሚሉት ጣሪያ ያለው ፊቱ ክፍት መቀመጫ አለ። መንገደኛ ያርፍበታል፣ ሽማግሌ ይጨዋወትበታል፣ ማታ መዝሙር ይዘመርበታል። እንዲህ ያለው ቦታ አንድ ድንጋይ ቢጎድልበት ጯሂ አያጣም።

እኛም ናሙና አላጣንም። ንጉሥ ሚካኤል ያሠሩት አይጠየፍ አዳራሽ እዚያው ደሴ ነው። ስሙ ራሱ ለነዳፊ መመሪያ ይሆናል፦ ሀብታም ከድሃ ሳይለይ የሚያበላ የግብር አዳራሽ። ያሠሩት ሰውም መሐመድ አሊ ተብለው አድገው ኋላ ክርስትና የተነሡ ናቸው፤ ወሎን በአንድ ሰው ውስጥ ማየት ለፈለገ ከእሳቸው የተሻለ የለም።

ታዲያ ለወሎ ማዕከል የሚነድፍ ባለሙያ መጀመሪያ ሊጠይቅ የሚገባው ስለ ጣሪያው ቅርጽ አይደለም፤ ስለ ማጀቱ ነው። እዚህ አገር ክርስቲያንና ሙስሊም በአንድ ድንኳን ይደግሳሉ፣ ሥጋው ግን ለየብቻ ይታረዳል፣ ለየብቻ ይሠራል። አንድ ማጀት ብቻ ያለው ማዕከል ግማሹን እንግዳ ጦሙን ይሰዳል። ሁለተኛው ጥያቄ ወለሉ ነው። መንዙማ በተብሎን ወንበር ላይ ተደርድረው የሚያዳምጡት ኮንሰርት አይደለም፤ መሬት ላይ ተቀምጦ፣ ድቤው እየተመታ፣ እየተጨበጨበ የሚባል ነገር ነው። ባቲና አምባሰል የሚባሉትን ቅኝቶች ለአገር የሰጠ ምድር፣ ማሲንቆ ያዡን መድረክ ላይ ሰቅሎ ሕዝቡን ከሩቅ ማስቀመጥ አያምርበትም። ክፍሉ ጠበብ፣ ጣሪያው ዝቅ ቢል ምን አለበት?

ሐረጎን ቁልቁል ወርዳችሁ ኮምቦልቻ ስትደርሱ ደግሞ ጉዳዩ ይለወጣል። የፋብሪካ ከተማ ናትና ቅርሷም እዚያው ነው፤ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው ውስጥ ያረጀ ሠራተኛ የመጀመሪያ ደመወዙን ምን እንዳደረገበት ቢያወራ፣ ከስንት ጋሻ ይበልጣል! የደሴን ንድፍ ገልብጦ እዚያ መትከል ሞኝነት ነው። የኮምቦልቻው በር የሚከፈተው በቢሮ ሰዓት ሳይሆን ፈረቃ ሲወጣ መሆን አለበት።

ለሁለቱም ከተሞች የማቀርበው አንድ ልመና አለኝ። ንድፉ ከመጽደቁ በፊት ቡና የሚያፈሉ እናቶች ፊት ይዘርጋ። ረከቦቱ የት እንደሚቀመጥ፣ የዕጣኑና የከሰሉ ጭስ በየት እንደሚወጣ ይጠይቁት። መልስ ካጣ፣ ወረቀቱን ጠቅልሎ ይሂድ፤ ሦስተኛውን ሲኒ ጠጥቶ ግን።