በቤት ስለሚተከል የመኪና ቻርጀር ፈቃድ፤ ከአምባ ጊዮርጊስ ሲታይ

በጥር 2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠራ አውቶሞቢል ወደ አገር እንዳይገባ መከልከሉን የትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ ሚኒስትር አስታወቁ። እንግዲህ ወደ ፊት የሚገዛው መኪና ማታ ማታ ከአንድ ነገር ላይ መሰካት አለበት። አንድ የወገራ ሰው በአምባ ጊዮርጊስ ግቢው ውስጥ ቻርጀር ሊተክል ቢነሣ ሕጉ ምን ይለዋል? በዚህ ጽሑፍ የምንመረምረው ይህንኑ ነው።

ሁለት አዋጆችን ተመልክተናል። በ2001 ዓ.ም. የወጣው የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624 ስለ ግንባታ ፈቃድ ይደነግጋል፤ ዓይኑ ያረፈው በሕንፃው አካል ላይ ነው። በ2006 ዓ.ም. የወጣው የኢነርጂ አዋጅ ቁጥር 810 ደግሞ የኤሌክትሪክ ሥራ ተቋራጭ የብቃት ማረጋገጫ እንዲኖረው ያዛል፤ ይህም መልካም ነው። ሁለቱ ሲጻፉ መኪና በቤት ይሞላል ተብሎ አልታሰበምና ቻርጀርን በስሙ አይጠሩትም። ይህን እንደ ጥፋት አንቈጥረውም። የምንፈራው የቆላ አገር ሥርዓት እንዳለ ተገልብጦ ለደጋ እንዳይሰጥ ነው።

እናቶቻችን የሚያውቁት ሚዛን አለ፤ እርሱም የኤሌክትሪክ ምጣድ ነው። ምጣድ 3.5 ኪሎዋት ያህል ይስባል፤ እንጀራው ሲያልቅ ግን ይጠፋል። በ220 ቮልት 32 አምፔር የሚወስድ ቻርጀር 7 ኪሎዋት ስለሚስብ ሁለት ምጣድ ለብዙ ሰዓት ተጥዶ እንደማደር ነው። በበዓል ዋዜማ ሰፈሩ ሁሉ ሲጋግር አምፑሉ እንዴት እንደሚደበዝዝ ያየ ሰው፥ ነገሩ የባለ መኪናው ብቻ ሳይሆን በአንድ ትራንስፎርመር የሚኖሩ ጎረቤቶች ሁሉ ጉዳይ መሆኑ ይገባዋል።

በጀርመን አገር ማናቸውም የቤት ቻርጀር ለኤሌክትሪክ መረቡ ባለቤት ይነገራል፤ አስቀድሞ ፈቃድ የሚያሻው ግን ከ12 ኪሎቮልት አምፔር በላይ ሲሆን ነው። በታላቋ ብሪታንያ ደግሞ ከ2022 እ.ኤ.አ. ወዲህ የሚሸጥ የቤት ቻርጀር ከፋብሪካው ሲወጣ ጭነት ከሚበዛበት ሰዓት ውጭ እንዲሞላ ተደርጎ ይዘጋጃል፤ ባለቤቱ ከፈለገ ይለውጠዋል። እኛስ ይህ ሁለተኛው ደስ ይለናል፤ ደጅ መጥናት የለበትምና።

ከሁሉ ይልቅ ያሳሰበን ከፍታው ነው። የዓለም አቀፉ የኤሌክትሮቴክኒክ ኮሚሽን ደንቦች ለእንዲህ ያለው ዕቃ የሚያስቡት መደበኛ ከፍታ እስከ 2000 ሜትር ነው። አዲስ አበባ ራሷ እንኳ ከዚህ ታልፋለች፤ አምባ ጊዮርጊስማ ከ2700 ሜትር በላይ ናት። አየሩ ሲሳሳ ዕቃውን የማቀዝቀዝም፥ ኤሌክትሪኩን ዘልሎ እንዳያልፍ የማገድም ኃይሉ ይቀንሳል። ስለዚህ በወደብ ከተማ 32 አምፔር የሚችለው ብሬከር በደጋ ያንኑ ያህል ይችላል ብሎ መፈረም አይገባም። የደጋው ብርድ ይበቃዋል የሚል ይኖራል፤ ብርዱ ሙቀቱን ቢረዳ እንጂ ማገጃውን አይረዳም።

በአምባ ጊዮርጊስ የኤሌክትሪክ መኪና ያለው ማን ነውና የሚለን አይጠፋም። ከጎንደር ወደ ደባርቅ ሰው የሚያመላልሰው ሚኒባስ አንድ ቀን ያረጃል፤ የሚተካውም በኤሌክትሪክ የሚሄድ ከሆነ ዳገቱን ወጥቶ ተርቦ ይደርሳል፤ ባለቤቱም ከቤቱ ሊያበላው ይሻል። ይህ ባለቤት በአንድ ቆጣሪ ከሌሎች ጋር የሚኖር ተከራይ ሊሆን ይችላልና የይዞታ ማስረጃ ብቻ የሚጠይቅ ፎርም ከደጅ ይመልሰዋል። ስለዚህ ወረዳው ፎርም ሲያዘጋጅ ከቤት ቁጥር ቀጥሎ የቦታው ከፍታ በሜትር፥ ከእርሱም በታች በዚያው ትራንስፎርመር ላይ ያሉት ቤቶች ብዛት የሚጻፍበት መሥመር ይጨምርበት እንላለን።