ተዛምዶ ስምምነት አይደለም፦ የብላንድና የአልትማን ዘዴ ሲመረመር

በአንድ የጎጃም ገበያ ቁና የተሰፈረ ጤፍ በሌላው ገበያ ቁና ቢሰፈር ቁጥሩ ሊለያይ ይችላል፤ ብዙ ያለው ግን በሁለቱም ብዙ ሆኖ ይቆጠራል። ታዲያ አንዱ ቁና በሌላው ሊተካ ይገባዋልን? ማርቲን ብላንድና ዳግላስ አልትማን በየካቲት 1978 ዓ.ም. ላንሴት በተባለው የእንግሊዝ የሕክምና መጽሔት ያወጡት ጥናት ስለ ሕክምና መለኪያዎች የሚያነሣው ይህንኑ ጥያቄ ነው። ጥናቱ ለሐኪሞች ቢጻፍም መምህራንንና ዕቅድ አውጪዎችን በቅርብ ይመለከታል።

የጥናቱ ዋና ብርታት አንድን የተለመደ ስሕተት ማጋለጡ ነው። በደብረ ማርቆስ ሁለት መምህራን የአራት ተማሪዎችን ድርሰት ለየብቻ አርመው አንደኛው 50፣ 60፣ 70፣ 80፣ ሁለተኛው 40፣ 50፣ 60፣ 70 ሰጡ እንበል። ተዛምዶው ፍጹም 1 ይሆናል። ይሁን እንጂ ማለፊያው 50 ከሆነ የመጀመሪያው ተማሪ በአንደኛው እጅ ያልፋል፤ በሁለተኛው ይወድቃል። ተዛምዶ የውጤቶቹን አካሄድ እንጂ መግጠማቸውን አይመሰክርም።

ደራስያኑ ያቀረቡት መፍትሔ ቀላል ነው፤ የእያንዳንዱን ጥንድ ልዩነት ከጥንዱ አማካይ አንጻር በሥዕል ማሳየት፣ ቀጥሎም የልዩነቶቹን አማካይና መደበኛ ልይይት ማስላት ነው። ከአማካዩ ግራና ቀኝ በሁለት መደበኛ ልይይት ውስጥ አብዛኛውን ጊዜ 95 በመቶ ያህሉ ልዩነት ይገኛል። የትንፋሽን ፍጥነት የሚለኩ ሁለት መሣሪያዎች በ17 ሰዎች ሲነጻጸሩ ተዛምዶው 0.94 ነበር፤ ነገር ግን አንደኛው ከሌላው በደቂቃ እስከ 80 ሊትር ሊያንስ ወይም እስከ 76 ሊትር ሊበልጥ እንደሚችል ታየ።

ዘዴው ግን ወሰን አለው። 17 ሰዎች ጥቂት ናቸው፤ በደራስያኑ ስሌት እንኳ 80 የተባለው ወሰን ከ45 እስከ 114 ሊዋልል ይችላል። ከዚህም ሌላ ምን ያህል ልዩነት እንደሚፈቀድ ስሌቱ አይወስንም፤ ይህ የባለሙያ ፍርድ ነው። ሁለት አራሚዎች መስማማታቸውም ትክክለኛነታቸውን አያረጋግጥም፤ አብረው ሊሳሳቱ ይችላሉና። አንዱ አራሚ ያንኑ ወረቀት ደግሞ ሲያርም ከራሱ ጋር የማይስማማ ከሆነ ደግሞ ከሌላው ጋር እንዲስማማ መጠበቅ ከንቱ ነው።

ስለዚህ ዕቅድ አውጪዎች የሚፈቀደውን ልዩነት አስቀድመው፣ ውጤቱን ከማየታቸው በፊት ሊወስኑ ይገባል። መምህራንም ጥቂት ወረቀቶችን ሁለት ጊዜ አርመው ልዩነቱን በየወረቀቱ ቢመለከቱ፣ የተማሪው ዕድል ወረቀቱ በደረሰበት እጅ ላይ የተንጠለጠለ መሆን አለመሆኑን ሊያውቁ ይችላሉ።