በተደራራቢ ሥዕል ላይ ስለሚታየው የመገጣጠሚያ ችግር

ጀርመናዊቱ ወይዘሮ ሎተ ራይኒገር እንደ አውሮጳ አቆጣጠር በ1926 ዓ.ም. ለሕዝብ ያሳዩት የልዑል አሕመድ ፊልም፣ ከካርቶንና ከቀጭን የእርሳስ ብረት ተቆርጠው በሽቦ በተያያዙ ምስሎች የተሠራ ነው። ምስሎቹ ጥቁር ጥላ በመሆናቸው ክንድ በትከሻ ላይ ሲደረብ መጋጠሚያው አይታይም፤ ጥቁር በጥቁር ይዋጣልና።

ዛሬ እንደ ላይቭ ቱ ዲ ባለ የኮምፒዩተር መሣሪያ የሚንቀሳቀሰው ባለቀለም ሥዕል ግን ይህ መሸሸጊያ የለውም። እያንዳንዱ የአካል ክፍል ለብቻው ይሣላል፤ በላዩም ከነጥቦችና ከሦስት ማዕዘኖች የተሠራ መረብ ይዘረጋል፤ ነጥቡ ሲሳብ ሥዕሉም አብሮ ይሳባል።

እኛም አንዲት ነጠላ የለበሰች ፈታይ ባልቴት ሠርተን ነበር። እጇ እንዝርቱን ሲያሾር ትከሻዋ ተሰነጠቀ፤ የነጠላዋም ጥበብ እንደ መጋዝ ጥርስ ሆነ። ወዲያው መሣሪያውን ወቀስን። ስንመረምር ግን ስንጥቁ የመጣው ከክንዱ ሥር የሚሸፈነውን አካል ሳንሥል በመቅረታችን ነው። ጥበቡም የተሰባበረው መሣሪያው በራሱ የዘረጋውን መረብ ሳናርም፣ ነጥቦቹንም በጥበቡ መስመር ሳንደረድር በመቀበላችን ነው። ኋላ ነጥብ ብንጨምር፣ እንቅስቃሴው አስቀድሞ ተወስኖ ነበርና አንዱን ስናቃና ሌላው ተጣመመ።

ስለዚህ መረቡ ከእንቅስቃሴው በፊት ይታረም፤ በሚታጠፈው ስፍራ ይጥበቅ፤ በማይንቀሳቀሰው ይሳሳ እንላለን። ነጥብ ማብዛት ብቻውን መድኃኒት አይደለም። ወይዘሮ ራይኒገር የመሣሪያቸውን ወሰን ዐውቀው ሥራቸውን በዚያው ላይ አቆሙ፤ እኛ ግን ወሰኑን ሳናውቅ መሣሪያውን ከሰስን።