የደንብ ልብስና የስም መጥሪያ መዝገብ

ልብስ ገላን ከብርድና ከፀሐይ ከመከላከል አልፎ የአንድን ኅብረተሰብ ኑሮና የውበት ስሜት የሚያንጸባርቅ የጥበብ ሥራ መሆኑ የታወቀ ነው። በመሆኑም ሥዕልና ቴአትር የሚመዘኑበት የቅርጽና የይዘት መስፈርት ለልብስም ያገለግላል። በዚህ መስፈርት ሊመዘን ሲገባው እምብዛም ያልተመዘነው ደግሞ የተማሪ የደንብ ልብስ ነው። በየማለዳው እጅግ ብዙ ወጣቶች ለብሰውት አደባባይ ስለሚወጡ፣ ከማንኛውም የሥዕል ትርዒት የበለጠ ተመልካች ያለው የንድፍ ሥራ እርሱ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ለዚህ ምዘና አቃቂ ቃሊቲ ተስማሚ ቦታ ነው። በአዲስ አበባ ደቡባዊ ክፍል፣ በደብረ ዘይት መንገድ ግራና ቀኝ የተዘረጋው ይህ የኢንዱስትሪ አካባቢ በአገራችን የጨርቅ ታሪክ ውስጥ ስሙ ይነሣል። በሕንዱ የቢርላ ኩባንያ ተሳትፎ የተቋቋመውና በ1967 ዓ.ም. ወደ መንግሥት ይዞታ የተዛወረው የኢንዶ ኢትዮጵያ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ የነበረው እዚሁ አቃቂ ነው። የአካባቢው ሠራተኛ ጨርቅን የሚያውቀው ከመደብር መስኮት ሳይሆን ከፈተሉ፣ ከሽመናውና ከጥጡ ብናኝ ነበር።

የደንብ ልብስ መሠረታዊ ይዘት እኩልነት ነው። የነጋዴውና የቀን ሠራተኛው ልጅ በአንድ ወንበር ሲቀመጡ የኪሳቸው ልዩነት በገላቸው ላይ እንዳይታይ ያደርጋል። የአዲስ አበባ ከተማ አስተዳደር በ2012 ዓ.ም. በመንግሥት ትምህርት ቤቶች ለሚማሩ ወደ 600 ሺህ ለሚጠጉ ተማሪዎች የደንብ ልብስ በነፃ ማደሉም ይህንኑ ይዘት ያጠናከረ እርምጃ ነበር። ይሁን እንጂ ልብስ በአንድ እደላ የሚያበቃ ጉዳይ አይደለም። ልጅ በአንድ ክረምት ያድጋል፤ ሹራብ ያልቃል፤ ጫማ ይቀደዳል።

ቅርጽ ይዘቱን የሚክደው ከትምህርት ቤት በር ላይ ነው። በብዙ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች የደንብ ልብሱን ያላሟላ ወይም ሱሪውን ያስጠበበ ተማሪ ከበር ይመለሳል። እርሱ ደጅ ቆሞ ሳለ በክፍል ውስጥ ስም ይጠራል፤ ከስሙም ጎን የቀሪ ምልክት ይሰፍራል። ምልክቶቹ ሲበዙ «ወላጅ አምጣ» ይባላል። ተረኛ ሆና ፋብሪካ የዋለችው እናት ደግሞ የቀን ገቢዋን ትታ ትቀርባለች። እንግዲህ አንደኛው ደንብ «ና» ሲል ሁለተኛው «ተመለስ» ይላል፤ ለሁለቱም ቅጣቱን የሚቀበለው አንድ ልጅ ነው። ጨርቅ በተሠራበት ሰፈር ልጅ በጨርቅ ምክንያት ከትምህርት ሲጎድል፣ የዓባይን ልጅ ውኃ ጠማው የሚለው ብሂል በተግባር ይታያል። በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ከወሰዱት መካከል ግማሽና ከዚያ በላይ ውጤት ያገኙት 3.3 በመቶ ብቻ በነበሩባት አገር፣ አንድ ክፍለ ጊዜ በሱሪ ስፋት ሳቢያ መባከኑ ቀላል ኪሣራ አይደለም።

የተማሪውስ ፋሽን እንዴት ይታይ? ከቁርጭምጭሚት የጠበበው ሱሪ፣ ወገብ ላይ የታሰረው ሹራብ፣ ጎንና ጎኑ ተላጭቶ አናቱ የተተወው ጠጉር በአብዛኛው ከውጭ ፊልምና ከእጅ ስልክ የተቀዱ ናቸው። ቅጂ መሆናቸው መካድ የለበትም። ነገር ግን በበረንዳ ላይ በእግር መኪና የሚሠራው ልብስ ሰፊ አንዱን ወጥ ሱሪ ለእያንዳንዱ ልጅ ቁመና ሲያስተካክል፣ ንድፍ አውጪው የዘነጋውን ሥራ እየፈጸመ መሆኑም ሊታወቅ ይገባል። ለማንም ተብሎ ያልተለካ ልብስ ለባሹ ራሱ እንዲለካው ይጋብዛል። በ1960ዎቹ የተወገዘው እንደ ደወል የሰፋው ቤልቦተም ሱሪና የጎፈረው አፍሮ ጠጉር ነበር። የዚያን ጊዜ ለባሾች ዛሬ የልጅ ልጆቻቸውን ሱሪ ጠበበ ብለው ይገሥጻሉ። ስለዚህ የሥነ ምግባር መለኪያው የጨርቁ ስፋት ሊሆን አይችልም።

የታሪክ ምስክርም አለ። መጋቢት 21 ቀን 1960 ዓ.ም. በስድስት ኪሎ ዩኒቨርሲቲ በራስ መኮንን አዳራሽ በቀረበው የፋሽን ትርዒት ላይ ተማሪዎች ተቃውሞ አስነሡ፤ እንቁላል ተወረወረ፤ ተማሪዎች ታሰሩ፤ ዩኒቨርሲቲውም ለጊዜው ተዘጋ። ሕዝብ በተራቆተበት አገር የባዕድ ጌጥ ማሳያ መድረክ መዘርጋቱ ተገቢ አይደለም የሚለው ክርክር ክብደት ነበረው። ድክመቱ የባህል ወረራን ጥያቄ በእኅቶቹ ቀሚስ ርዝመት መለካቱ ነው። በታንዛኒያም የገዥው ፓርቲ የወጣቶች ክንፍ እ.ኤ.አ. በ1968 «ኦፕሬሼን ቪጃና» ብሎ በአጭር ቀሚስና በጠባብ ሱሪ ላይ ዘመቻ ሲያውጅ፣ በመንገድ ላይ የተጎሳቆሉት በአብዛኛው ሴቶች ነበሩ። ልብስን በማሳደድ የተጀመረ ትግል ለባሹን በማሳደድ እንደሚያበቃ ሁለቱም አብነቶች ያስተምራሉ።

ይህ ሁሉ ደንብ አያስፈልግም ለማለት አይደለም። የደንብ ልብስ ተማሪውን ከውጭ ሰው ለመለየት ይረዳል። ተማሪዎች «አቴንዳንስ» የሚሉት የስም መጥሪያ መዝገብም በአግባቡ ለሚያነበው መምህር ትልቅ ሰነድ ነው። ዘወትር ሰኞ የምትቀር ልጅ ታናናሾቿን እየጠበቀች ይሆናል፤ በወሩ መጨረሻ የሚጠፋው ልጅ ሸክም ላይ ውሎ ይሆናል። የቀሪ ምልክት የጥያቄ መጀመሪያ እንጂ የፍርድ መደምደሚያ መሆን የለበትም። የልብስ ጉድለትን ከዚህ መዝገብ ጋር መቀላቀል ግን ሰነዱን ያበላሸዋል፤ ችግር ያስቀረውንና በር ጠባቂ የመለሰውን ለይቶ ማየት አይቻልምና።

ስለዚህ ከሁሉ አስቀድሞ ሁለቱ ጉዳዮች ይለያዩ፤ ተማሪው ይግባ፣ ይማር፤ የልብሱ ነገር ከትምህርት ሰዓት ውጭ ይታይ። ይህ የመምህራንና የትምህርት ቤት አስተዳዳሪዎች ድርሻ ነው። የኪነ ጥበብ ሰዎችም ድርሻ አላቸው። የአገራችን ሸማኔ በጥለት አሰላለፍና በቀለም ምጣኔ ያካበተው ጥበብ ለበዓል ቀሚስ ብቻ የሚቀር አይደለም። ሠዓሊው፣ ልብስ ሰፊውና ተማሪው አብረው የሚመክሩበት፣ ለሚያድግ ልጅ የሚለቀቅ እጥፋት ያለው፣ የወላጅን አቅም ያገናዘበ ንድፍ ሊወጣ ይችላል። ለባሹ የመከረበትን ልብስ ለማስጠበብ የሚቸኩል ተማሪ ጥቂት ይሆናል።